ልብ ወለድ በሠላሳ ቀን

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1999 ክሪስ ቤቲ የሚባል አሜሪካዊ በሳንፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉ ወዳጆቹን ሰብስቦ፣ ወሩ ሳያልቅ እያንዳንዳቸው አንድ ልብ ወለድ እንዲጽፉ አግባባቸው። ራሱን ጨምሮ 21 ነበሩ። ግቡ 50,000 ቃል ሆነ፤ ለሠላሳ ቀን ሲካፈል በቀን 1,667 ገደማ ነው። በዓመቱ ዘመቻው ወደ ኖቬምበር ተዛወረ፤ አየሩ በከፋበት ወር ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጽፋል በሚል። ናኖራይሞ የተባለው ይህ ነገር ኋላ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚመዘገቡበት ሆነ። ዳኛ አልነበረውም፤ የጻፉትን የሚያነብም አልነበረም። 50,000 ላይ የደረሰ ሁሉ አሸናፊ ነበር።

ከኖቬምበር በፊት ያለው ኦክቶበር የዝግጅት ወር ነበር፤ ጎራ የሚለየውም እዚህ ላይ ነበር። አንዱ ወገን ሴራውን ምዕራፍ በምዕራፍ ዘርዝሮ፣ ለገጸ ባሕርያቱ የልደት ቀን ሳይቀር ቆርጦላቸው ይገባል። ሌላው ባዶ እጁን ገብቶ ታሪኩን እየጻፈ ይፈልገዋል። ቤቲ በ2004 ያሳተመው መመሪያ ከርዕሱ ጀምሮ ሴራ ለሌለው ሰው አይዞህ የሚል ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት በትንሹ ጉዳይ ላይ ነው።

ለምሳሌ ደራሲውን ካዙኦ ኢሺጉሮን እንይ። የአንድ እንግሊዛዊ ባላባት ቤት የአሳላፊዎች አለቃ የሚተርክበትን፣ በ1989 ታትሞ የቡከር ሽልማት ያስገኘለትን ልብ ወለድ በ1987 ለንደን ውስጥ በአራት ሳምንት ረቂቁን አውጥቶታል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ይጽፋል፤ የሚነሣው ለምሳና ለራት ብቻ ነው። ስልክ አያነሣም፣ ደብዳቤ አያይም፣ እንግዳ ቤቱን አይረግጥም። ምግቡንና የቤቱን ሥራ ሚስቱ ሎርና ተሸከመችለት። ጠዋት የጻፈው ከሰዓት በኋላ ከጻፈው ጋር ቢጋጭ ግድ አልነበረውም፤ የማይረባ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቀመጥና ወደፊት ይቀጥላል። የመጀመሪያው እሑድ ወጣ ሲል፣ የሰፈሩ ዋና መንገድ ተዳፋት ላይ መሠራቱ ሳቅ በሳቅ አደረገው!

ይህን ሁሉ ያደረገው ግን ጎተራውን ሞልቶ ነው። ስለ እንግሊዝ የቤት አገልጋዮችና በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስለነበረው ፖለቲካ የተጻፈውን ሲያነብ፣ የአሮጌ መጻሕፍት መደርደሪያ እየበረበረ የገጠር መንገደኛ መምሪያ ሲለቅም ከርሟል።

ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ ደግሞ እንዲህ ያለ ጥድፊያ ውስጥ ወዶ አልገባም። ስቴሎቭስኪ ከሚባል አሳታሚ ጋር ባደረገው ውል መሠረት እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ፣ አሳታሚው ሥራዎቹን ለዘጠኝ ዓመት ያለ ክፍያ የማተም መብት ያገኛል። አንድ ወር ሲቀረው አና ስኒትኪና የምትባል የ20 ዓመት የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ተቀጠረች። ሌሊት ማስታወሻ ይይዛል፤ ቀን ይነግራታል፤ እሷ ቤቷ ወስዳ ትገለብጠዋለች። በ26 ቀን አለቀ። በማስረከቢያው ቀን አሳታሚው ከከተማ ጠፍቶ ስለነበር ረቂቁን ፖሊስ ዘንድ አስመዝግቦ ደረሰኝ ተቀበለ። ታሪኩ የቁማርተኛ ታሪክ ነው፤ ሐሳቡ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ አብሮት ነበር፣ ገንዘቡንም በጀርመን ቁማር ቤቶች ሲያስበላ ኖሯል። አናን በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ አገባት።

እንግዲህ የምዕራፍ ዝርዝር ከመሥራት በፊት ሁለት ነገር ይቀድማል፦ ስለምን እንደሚጽፉ በቂ ነገር ማወቅ፣ ሰዓቱን የሚሰጥ ሰው ማግኘት። ሁለተኛው በእኛ ቤት ይከብዳል። ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ማኅበር አለ። አምስት ቀን የጎደለበት ሰው በቀሪዎቹ 25 ቀናት በየቀኑ 2,000 ቃል ይጠበቅበታል፤ ስለዚህ የሚታወቁትን ጥሪዎች አስቀድሞ ቆጥሮ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ከማንኛውም የሴራ ሠንጠረዥ ይበልጣል። በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው ጣቱንም ያለማምድ፤ በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ለአንድ ፊደል ሁለት ቁልፍ መምታት የተለመደ ነው። የቃል ብዛቱንም እንግሊዝኛው እንደሚለው መውሰድ የለበትም። አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ከግሱ ጋር አንድ ላይ ስለሚያስር፣ 50,000 የአማርኛ ቃል ከእንግሊዝኛው የወፈረ መጽሐፍ ይወጣዋል። ለጀማሪ 35,000 ቢበዛ እንጂ አያንስም ባይ ነኝ።

በወሩ መጨረሻ እጅ ላይ የሚቀረው ረቂቅ ነው። ኤሪን ሞርገንስተርን በ2011 ያሳተመችው፣ ሌሊት ብቻ ስለሚከፈት ሰርከስ የሚተርከው ልብ ወለድ መነሻው ናኖራይሞ ነው፤ መጽሐፍ እስኪሆን ግን ዓመታት ወስዶ ደጋግሞ ተጽፏል። ዘመቻውን ይመራ የነበረው ድርጅት በ2025 መዘጋቱን አስታውቋል፤ ለመጻፍ ግን የማንም ምዝገባ አያስፈልግም። የእኛ አሥራ ሁለቱም ወራት ልክ 30 ቀን ስለሆኑ ኖቬምበርን መጠበቅም የለም፤ ጥቅምትን ለዝግጅት፣ ኅዳርን ለጽሕፈት ማድረግ ይቻላል።