ሴቲንጉ ውስጥ ያልገባው ምርጫ

ነገሩ በእኛ መካከል ይቅር። ሚዛን ተፈሪ ተቀምጦ የኒውዮርክን የቡና ዋጋ የሚከታተል ነጋዴ ስክሪኑ ላይ የሚያገኘው በፓውንድ ስንት ሳንቲም እንደሆነ ነው፤ የሱ ሒሳብ ደግሞ በፈረሱላና በብር ነው። ይህንን የምትገለብጥ ትንሽ ስክሪፕት ታምፐርመንኪ በሚባለው የብራውዘር ማከያ ላይ ትጫናለች። ስሌቷ ቀላል ናት፦ ፓውንዱ 300 ሳንቲም ከሆነ 17 ኪሎው ፈረሱላ 112 ዶላር ገደማ ይመጣል፣ በምንዛሪ ማባዛት ብቻ ነው። ላብ ያስወጣን ሴቲንጉ ነው።

«የሴቲንግ ገጽ» እንላለን እንጂ ገጽ የለውም። ስክሪፕት በሰው ቤት ተጠግቶ አዳሪ ነው፤ ሳጥኑን የምንስለው እዚያው የዋጋው ገጽ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ዲዛይን በቀየሩ ቁጥር የኛ ቁልፎችም አብረው ይንሻፈፋሉ፤ ስለዚህ ሻዶው ዶም ውስጥ እንሸሽጋቸዋለን። የተሞላውንም ሎካል ስቶሬጅ ላይ አናኖርም፤ የገጹ ኮድ ያነበዋላ! ሌላ ድረ ገጽ ሲከፈትም አብሮ አይሄድም። በጂኤም ሴትቫልዩ ያስቀመጥነው ግን የስክሪፕቱ ብቻ ነው።

ምንዛሪውን ኮዱ ውስጥ ጽፈን እንገላገል ያለ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር አይሰነብትም። ከባንክ በቀጥታ ይምጣ እንዳይባል ባንኩ ሁሉ የየራሱ ዋጋ አለው። ነጋዴው የሚሠራበትን ራሱ ይጻፍ፤ የጻፈበት ቀንም ከጎኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታየው። ሳጥኑን ባዶ ከተወው ግን ጃቫስክሪፕት ባዶውን ዝም ብሎ ዜሮ ያደርገዋል፤ ቡናው በነጻ ሆኖ ቁጭ! «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ባዶ አልቀበልም የሚለው ለዚህ ነው።

የፈረሱላውን መጠን ግን ማንም አይነካውም። ምርት ገበያም ዋጋ የሚጠራው በዚሁ ነው።

ሁሉም የሚጠይቀን ምርጫ ግን ሆን ተብሎ ቀርቷል፤ ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀው ቡና። የኒውዮርኩ ዋጋ የታጠበ አረቢካ ነው። የሸዋ ቤንችም ሆነ የቴፒ ጀንፈል ሲፈለፈል የሚወጣው ንጹሕ ቡና እንደ ዓመቱ፣ እንደ አደራረቁ ይለያያል። አንድ ቁጥር ብናስገባለት በማግስቱ ስልኩን ይዞ ገበሬው ደጅ ዋጋ የሚቆርጥ አይጠፋም። ለጠየቀን ሁሉ የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «በሚቀጥለው እትም ይገባል።»