የዓባይ በረሃ ዳገትና የራዲያተራችን ውሃ

ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ የሚጫናት አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ ውሃው ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ያን ያህል ሙቀት አይጠይቅም። በደጋው ንፍሮ የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመኪና ሞተር ግን ነገሩ ከዚያ ይከፋል። የአብዛኞቹ መኪናዎች ቴርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ሙቀቱ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ጤነኛ ሞተርም 90 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይሠራል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ከላላና ውስጡ ያለው ተራ ውሃ ከሆነ፣ ሞተሩ አንዳች ብልሽት ሳይኖርበት ለመፍላት የሚቀረው ሁለት ዲግሪ ያህል ነው።

የትኛውን ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ልግዛ ተብሎ ሲጠየቅ ከመለዋወጫ ሱቁም ከጋራዡም ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ቀለም ነው፦ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ። ቀለሙ ግን አምራቹ የጨመረው ማቅለሚያ ነው፤ ሁሉም አምራች የተስማማበት ደንብ የለም። የአንዱ አረንጓዴ ከሌላው አረንጓዴ ጋር በኬሚካል ይዘቱ ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል። ምርጫው መጀመር ያለበት መኪናው ከሚወጣው ዳገትና ራዲያተሩ ውስጥ ከሚገባው ውሃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዳገቱን እናስላው። ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ደጀን ሲያልፍ ዓባይ በረሃ ይገባል። መንገዱ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ለተሽከርካሪ እስከተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ ድረስ ይወርዳል፤ ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ እስከ ጎሐ ጽዮን ከ1,300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ጭነቱን ጨምሮ 10 ቶን የሚመዝን አይሱዙ ይህን ያህል ከፍታ ለመውጣት 127 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ያስፈልገዋል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ለጎማው ጉልበት ሲሰጥ፣ ከዚያ ብዙም የማያንስ ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ይለቃል። በዚህ አንድ ዳገት ላይ ብቻ ለራዲያተሩ የሚደርሰው ሙቀት፣ የፈላ ውሃ ላይ ቢያርፍ ከ40 ሊትር በላይ ባተነነ ነበር። ራዲያተሩ ይህን ሁሉ ለአየር ማስረከብ አለበት። አየሩ ሸለቆው ውስጥ ሞቃት ነው፤ ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ደግሞ ይሳሳል። መኪናው በከባድ ማርሽ ስለሚያዘግም ከፊት የሚመታው ነፋስ ትንሽ ነው፤ ሸክሙ ቬንትሌተሩ ላይ ይወድቃል።

ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው በመጀመሪያ ክዳኑ ነው። የክዳኑ ስፕሪንግ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ከሆነ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ተራ ውሃ እንኳ እስከ 114 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ግማሹ የኩላንት ዋና ይዘት የሆነው ኤቲሊን ግላይኮል ሲሆን ደግሞ የመፍያው ነጥብ ወደ 122 ዲግሪ ይጠጋል። ከ92 ወደ 114 ያሻገረን የክዳኑ ስፕሪንግና ጎማው ነው፤ ኩላንቱ የጨመረው ስምንት ዲግሪ ብቻ ነው። ውድ ኩላንት ገዝቶ ጎማው የደረቀ ክዳን መልሶ መግጠም ገንዘብን በከንቱ መበተን ነው። ኩላንት ሲለወጥ ክዳኑም ይታይ፤ የሚተካውም በላዩ የተጻፈው ቁጥር ከቀድሞው ጋር እኩል በሆነ ክዳን ይሁን።

ኩላንቱ ለስምንት ዲግሪ ብቻ ከሆነ ለምን እንገዛዋለን? በብርድ አገር ግላይኮል የተፈለገው ውሃ በረዶ ሆኖ ሞተር እንዳይሰነጥቅ ነው፤ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም። ጎጃም ውስጥ ጮቄ አናት ላይ እንኳ ይህን የሚያህል ብርድ የለም። ሙቀት በመሸከም ረገድም ንጹሕ ውሃ ከድብልቁ ይበልጣል። እኛ የሚያስፈልገን ዋናው ነገር ከግላይኮሉ ጋር የሚመጣው ዝገት ተከላካይ ቅመም ነው። የዛሬ ሞተር አሉሚኒየም፣ ብረት፣ መዳብና ጎማ በአንድ ፈሳሽ የሚነከሩበት ነው፤ ተከላካይ የሌለው ውሃ እነዚህን ብረቶች እርስ በርስ ያባላቸዋል። የውሃ ፓምፑ ይበላል፣ ቴስታው ከውስጥ ይቦረቦራል።

ውሃው ራሱስ? የዓባይ ሸለቆ ግድግዳ ከላይ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ወፍራም የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ዝቅ ሲል ደግሞ የሥነ ምድር ባለሙያዎች በጎሐ ጽዮን ስም የሰየሙት፣ ጂፕሰም የበዛበት ንብርብር አለ። በዚህ መሃል ሰርጎ የሚወጣ ምንጭ ካልሲየም ይዞ ይወጣል። መኪናው ሲሞቅበት ረዳቱ በጄሪካን ቀድቶ የሚጨምረው ውሃ ይህን ዓይነት ነው። ውሃው ሲሞቅ ካልሲየሙ ከፈሳሹ ተለይቶ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደምናየው ነጭ ቅርፊት፣ በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ይጋገራል። ይህ ቅርፊት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከብረት ከ20 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። መኪናው በበነጋው ዳገት የሚሞቀው ትናንት ባዳነው ውሃ ምክንያት ነው።

ኬሚስትሪው ከመንገዱ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ አምራቾች ውሃቸው ኖራ ስለሚበዛበት ፎስፌት ያለበትን ኩላንት ሲሸሹ ኖረዋል፤ ፎስፌትና ካልሲየም ሲገናኙ ዝቃጭ ይሠራሉና። ጃፓኖች በተቃራኒው ፎስፌቱን ወድደው፣ የውሃ ፓምፑን ማሸጊያ (ሲል) ይፍቃል ያሉትን ሲሊኬት ትተዋል። ቶዮታ በመመሪያው የሚጠይቀው ከኦርጋኒክ አሲድ ጋር የተዋሐደ፣ ሲሊኬት፣ አሚን፣ ናይትራይትና ቦሬት የሌለበት ኤቲሊን ግላይኮል ነው። የራሱ ሮዝ ኩላንት ፎስፌት ስላለበት የምንጭ ውሃ ሲጨመርበት ጉዳቱ ድርብ ነው። ጎጃም ውስጥ የሚመላለሰው ቪትዝ፣ ኮሮላና ሚኒባስ አብዛኛው ቶዮታ በመሆኑ ይህ ብዙ ሰውን የሚመለከት ነው። ሱቅ ሲገቡ ቀለሙን ትተው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ሲሊኬት የሌለው፣ ለጃፓን መኪና የተሠራ የሚለውን ይፈልጉ። ፎልክስዋገን ያለው ሰው ደግሞ ጂ12 ወይም ጂ13 የሚለውን የአምራቹን ደረጃ ይፈልግ።

የከባድ መኪና ጉዳይ ሌላ ነው። ሊነሩን (ፒስተኑ የሚመላለስበትን የብረት ቱቦ) ፈሳሹ በቀጥታ በሚነካው ትልቅ የናፍጣ ሞተር ውስጥ፣ ሊነሩ በንዝረት ጥቃቅን አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን በመርፌ እንደተወጋ ይበሳዋል። ለዚህ ናይትራይት ወይም ለከባድ ናፍጣ ተብሎ የተዘጋጀ ሌላ ቅመም ያስፈልጋል። ለቪትዝና ለከባድ መኪና ከአንድ በርሜል መቅዳት አንዱን መጉዳት ነው።

ያልተበረዘ ኩላንት ሲገዙ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቅሉት፤ ከሲሶ በታች ከቀጠነ ተከላካይ ቅመሙም ይሳሳል። የተጣራ ውሃ ማለት ለባትሪ የሚጨመረው ነው፤ አሲዱን ግን አይደለም። እሱ ከጠፋ፣ ክረምት ሲገፋ ቆርቆሮው ከታጠበ በኋላ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ከምንጩ እጅግ ይሻላል። ዓይነቱን የማያውቁትን ኩላንት በሌላ ላይ አይደርቡ፤ አንዳንዱ ሲቀላቀል ይረጋል፣ ቱቦ ይደፍናል። የቀድሞውን አፍስሶ፣ አጥቦ አዲሱን መሙላት ይሻላል። ቀለም የተነከረ ውሃ እንዳይሸጥልዎ ደግሞ ሚዛን ይርዳዎ፦ 5 ሊትር ያልተበረዘ ግላይኮል፣ ዕቃው ሳይቆጠር 5.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እንደ ውሃ 5 ኪሎ ብቻ ከሆነ ግላይኮል የለበትም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ያሉን ሞተሮች ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን ግድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በኩላንት ነው፤ እነሱ ላይ የአምራቹን ብቻ መጨመር ያስፈልጋል።

ዳገት ላይ ጌጁ ቀይ ሲነካ ክዳኑን አይክፈቱ። ውስጥ ያለው ፈሳሽ በግፊት ብቻ ነው ሳይፈላ የቆየው፤ ክዳኑ እንደተነሣ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ይጠብሳል። ጥግ ይዘው ይቁሙ፣ ላይኛው ጎማ ቱቦ በእጅ እስኪያዝ ይጠብቁ። በጋለ ቴስታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ይሰነጥቀዋል። የፈሰሰውን ኩላንት ደግሞ በሃይላንድ ጠርሙስ አያስቀምጡ፣ ከብት በሚጠጣበት ቦይም አይድፉ። ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ ሕፃን ደስ ብሎት ይጠጣዋል። ለአዋቂ ሰው እንኳ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ሊገድል ይችላል፤ ኩላሊትንም ያበላሻል። የተጠረጠረ ካለ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ፣ ጠርሙሱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።