ያውቁ ኖሯል? ኦክስጅን ከክፍሉ አየር

ከታማሚ አልጋ አጠገብ የሚቆመው ተንቀሳቃሽ የኦክስጅን ማሽን ኦክስጅን አይፈጥርም፤ ከክፍሉ አየር ነጥሎ ያወጣል እንጂ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ማሽኑ አየሩን ጨምቆ ዚዮላይት በተባለ፣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ማዕድን ውስጥ ያሳልፈዋል። ዚዮላይቱ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀራል፤ ለታማሚው 90 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ የጠራ ኦክስጅን ይደርሰዋል። ግፊቱ ሲቀንስ የተያዘው ናይትሮጅን ይለቀቃል፤ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ ነው፦ የማሽኑ ዚዮላይት በፋብሪካ ቢሠራም፣ የተፈጥሮ ዘመዶቹ የሚፈጠሩት አዳማ በተቆረቆረችበት ስምጥ ሸለቆ እንደሚገኘው ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ከውኃ ጋር ለረጅም ዘመን ሲዋሐድ ነው።

የኦክስጅን ሲሊንደር ሲያልቅ ተጭኖ ሄዶ መሞላት አለበት። ማሽኑ ግን በመቂም ሆነ በባቱ፣ መብራት እስካለ ድረስ አየሩ አያልቅበትም። መብራት ሲጠፋ ነፍስ የሚያቆየው አጠገቡ የተቀመጠው የተሞላ ሲሊንደር ነው።