ሰባት ቤት በስልክ ይቈጠራልን?

ዝቋላ ሲባል የአዲስ አበባ ሰው አሳቡ ወዲያው የሚሄደው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ወዳለበት ወደ ሸዋው ተራራ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው የዋግ ኽምራውን ዝቋላ ነው፤ ይኸውም ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተከዜ የሚያዘቀዝቀው፣ ዋና ከተማው ጽጽቃ የሆነው ወረዳ ነው።

ከዚህ አገር የወጣ አንድ ወዳጃችን አለ። ትምህርቱን ጨርሶ በሰቆጣ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ይገኛል። ይህ ወዳጃችን በቴሌግራም ከአንዲት የደብረ ብርሃን ልጅ ጋር ተዋውቆ ስምንት ወር ያህል ሲጻጻፍ ከቈየ በኋላ፣ ወደ ዝቋላ ወርዶ አባቱን «ሽማግሌ ይላኩልኝ» ሲል ለመናቸው። አባት አልተቈጡም። ልጅቱ ምን ተምራለች፣ መልኳስ እንዴት ነው ብለውም አልጠየቁም። ጥያቄያቸው አንዲት ብቻ ነበረች፤ «የማን ልጅ ናት?» አሉ። ልጁ የአባቷን ስም ተናገረ፤ የአያቷንም ጨመረ፤ መታወቂያ ላይ የሚጻፈው ሦስት ስም ነውና። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ስልኩም አያውቀው፣ እሱም አያውቀው።

«እንግዲያውስ አምስቱ ቤት ቀርቷል» አሉት አባት።

ወዳጃችን ይህን ሲያጫውተን በመጀመሪያ ሣቅን። ቈይተን ስናስበው ግን የሽማግሌው ጥያቄ በዛሬው ጊዜ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ወረቀት ከሚጻፍበት ጥያቄ ጋር አንድ ሆኖ አገኘነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በመሣሪያ ሲገናኙ፣ አንዱ ስለ ሌላው የሚመሰክርለት ማን ነው?

የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጥናት መምህር ማይክል ሮዘንፌልድ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆች አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአሜሪካን አገር በ1995 ከተገናኙት ወንድና ሴት ጥንዶች መካከል በኢንተርኔት የተዋወቁት ከመቶ 2 ብቻ ነበሩ። በ2017 ከተገናኙት መካከል ግን ከመቶ 39 ደረሱ። በወዳጅ አማካይነት የሚገናኙት ደግሞ በዚያው ዘመን ውስጥ ከመቶ 33 ወደ 20 ወረዱ። ሊቃውንቱ ከዚህ ያወጡት ሐተታ መካከለኛው ሰው እየቀረ ነው የሚል ነው።

ነገሩ በስልክ የተጀመረ እንዳይመስለን። በ1965፣ ማለት በእኛ 1957 ዓ.ም. ገደማ፣ የሃርቫርድ ተማሪዎች ከየሰው ሦስት ሦስት ዶላር እያስከፈሉ መጠይቅ ካስሞሉ በኋላ መልሱን ለኮምፒዩተር ሰጥተው ወንድና ሴት ተማሪዎችን ያጣምሩ ነበር። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር አንድ ክፍል የሚሞላ ዕቃ ነበረ። ዛሬ ኪስ ውስጥ ገባ እንጂ የተሰጠው ተስፋ ያው ነው፤ «የሚስማማህን እኔ ዐውቅልሃለሁ» ይላል።

ታዲያ ያውቃልን? የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲው ኢሊ ፊንክልና ባልደረቦቻቸው በ2012 ጉዳዩን ሰፋ አድርገው መርምረው፣ መሣሪያው ብዙ ሰው በማገናኘት በኩል ጥቅም እንዳለው አልካዱም። ነገር ግን ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ እንደሚስማሙ በሒሳብ ቀምሮ መናገር ይቻላል የሚለው የድርጅቶቹ አባባል ማስረጃ የሌለው ነው አሉ። በ2017 ደግሞ ሳማንታ ጆኤል ከፊንክልና ከሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ከመቶ የሚበልጡ ጥያቄዎችን ለወጣቶች አቅርበው መልሱን በኮምፒዩተር አስመረመሩ። ኮምፒዩተሩ ማን በጠቅላላው ብዙ ሰው እንደሚወደው በመጠኑ ገመተ፤ ይህች ልጅ ይህን ልጅ ለይታ ትወደዋለች ወይ የሚለውን ግን መገመት አልቻለም።

ሌላም አለ። በ2008 የወጣ አንድ ጥናት በኢንተርኔት የትዳር ጓደኛ የሚፈልጉ 80 የኒውዮርክ ሰዎችን ጠርቶ፣ ቁመታቸውን ለክቶ፣ ክብደታቸውን መዝኖ፣ ዕድሜያቸውን ከመታወቂያቸው አይቶ ስለ ራሳቸው ከጻፉት ጋር አስተያየው። ከመቶ 81ዱ ቢያንስ በአንዱ ነገር ዋሽተው ተገኙ። ውሸቱ በአብዛኛው ትንሽ ነበረ፤ ሁለት ጣት ቁመት መጨመር፣ ጥቂት ኪሎ መቀነስ የመሰለ ነው። ቢሆንም ሰውዬው ስለ ራሱ ብቻውን ሲመሰክር ምስክርነቱ ምን ያህል እንደሚያጋድል ያሳያል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ሽማግሌ ወደ ሴቲቱ ቤት ሲሄድ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚለው የለም። ሽማግሎቹ ጉዳያቸው ሳይሰማ አንቀመጥም ይላሉ፤ ይለመናሉ፤ በመጨረሻም «ለዛሬ ሳምንት ተመለሱ» ይባላሉ። እኛ የተማርን ወጣቶች ይህን ደጅ ጥናት የጊዜ ማባከን አድርገን እናየዋለን። እውነቱ ግን ያ ሳምንት የምርመራ ሳምንት ነው። የሴቲቱ ቤተ ሰብ በገበያተኛው፣ በነፍስ አባቱ፣ በአገር ልጁ በኩል ልጁ ጠጪ ነው ወይ፣ ተደባዳቢ ነው ወይ፣ ሌላ ቦታ ቃል አስሮ ወልዷል ወይ እያለ የሚያጠናው በዚያን ጊዜ ነው። ሰባት ቤት ቈጠራውም ዝምድናን ከመለየት ሌላ ይህን ሥራ ይሠራል፤ ስድስተኛውን አያት ለማግኘት ሲባል አምስት መንደር ይጠየቃልና።

በሰቆጣ ደግሞ መተያያውም በአደባባይ ነው። የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ ነሐሴ 16 ቀን ሻደይ ሲገባ፣ ልጃገረዶች ለበዓሉ ስሙን የሰጠውን ሻደይ የተባለውን ሣር በወገባቸው አሥረው፣ ከበሮ እየመቱ በቡድን ሲጫወቱ ጐበዛዝቱ ዳር ቆመው ያያሉ። ልጅቱን የሚያያት ሰው በእኅቶቿና በጓደኞቿ መካከል ነው የሚያያት። ፎቶግራፍ መርጦ የመለጠፍ ዕድል የላትም፤ እሱም የለውም።

ይሁን እንጂ የጥንቱን ሁሉ እያመሰገንን ዝም ብንል ሐሰት ይሆንብናል። በሽማግሌው ጉባኤ ሁሉ ሰው ሲጠየቅ ያልተጠየቀች አንዲት ነበረች፤ እሷም ሙሽሪት ናት። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ኢትዮጵያውያት ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 17.1 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ማለት ከእነዚህ ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡት በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ከተወሰነው ከ18 ዓመት ቀድመው ተድረዋል ማለት ነው። ሕጉ ሁለቱ ተጋቢዎች በነጻ ፈቃዳቸው እሺ ካላሉ ጋብቻው አይጸናም ይላል።

ይህን ነገር አንድ የሒሳብ ትምህርት ከማናችንም ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1962 ስለ ኮሌጅ መግቢያና ስለ ጋብቻ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ወንዶች ሁሉ ሴቶችን፣ ሴቶችም ሁሉ ወንዶችን በምርጫቸው ተራ ይጽፋሉ እንበል። እያንዳንዱ ወንድ መጀመሪያ የመረጣትን ይጠይቃል፤ ሴቲቱ ከጠያቂዎቿ የተሻለውን ይዛ ሌሎቹን ታሰናብታለች፤ የተሰናበተው ሁለተኛ ወዳስቀመጣት ይሄዳል። እንዲህ እየተደረገ ሲያልቅ፣ የራሳቸውን ጥንድ ትተው እርስ በርሳቸው ለመያያዝ የሚፈልጉ ወንድና ሴት አይገኙም። ሻፕሊ በዚህና በተመሳሳይ ሥራቸው በ2012 ከአልቪን ሮዝ ጋር የኤኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የኛን ልብ የነካው ግን ከዚሁ ሒሳብ የሚወጣ ሌላ ነገር ነው። በዚህ አሠራር ከሁሉ የተሻለውን ዕጣ የሚያገኘው ጠያቂው ወገን ነው፤ ተጠያቂው ወገን ካሉት የጸኑ ድልድሎች ሁሉ ለራሱ ዝቅተኛው ይደርሰዋል። ሴቶች ጠያቂ ቢሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። ሽማግሌ ከማን ቤት ተነሥቶ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ሒሳብ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በስልክ ግን ሴቲቱም መጀመር ትችላለች። ወዳጃችን ሲያፍር ሲያፍር እንደነገረን፣ የመጀመሪያውን ሰላምታ የጻፈችው እሷ ናት። ይህን ለአባቱ አልነገራቸውም፤ እኛም ስሙን ያልጻፍነው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ስልኩ ለልጅቱ አፍ ሰጥቷታል፤ ዋስ ግን አልሰጣትም። ለእሱም አልሰጠውም። የደብረ ብርሃኗ እናትም በበኩላቸው «ሰቆጣ ማን አለን?» ብለው ተጨንቀዋል አሉ፤ ስምንት ወር ሙሉ ጣፋጭ ደብዳቤ የጻፈው ሰው ባለትዳር ቢሆንስ? በእኛ አስተያየት የእናትዮዋ ፍርሃት የኋላ ቀርነት አይደለም። ልጆቻቸው በስልክ ተዋውቀው በሽማግሌ ቢጣሩ ከሁለቱ የቱ ይጐድልባቸዋል?

ወዳጃችንም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሁለቱ በቴሌግራም ሥራ ተከፋፈሉ፤ እሷ አያቷን እየጠየቀች ስም ትልካለች፣ እሱ ደግሞ በሰንበት ወደ ዝቋላ እየወረደ ለአባቱ ያነብላቸዋል። አባት በጣታቸው ይቈጥራሉ። አንድ ስም የሚያውቁት ሲመስላቸው «ቈይ፣ ይኸ የየት አገር ሰው ነው?» ብለው ያስቆሙታል፤ ጥያቄው ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ መልሱ ኔትወርክ ሲገኝ ይመጣል። ከጥያቄዎቹ አንዱ እናቷ በልጅነታቸው ተለይተዋቸው የነበሩ አንድ አጎት እንዲፈለጉ አድርጎ ተገኝተዋል።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ስንሰጥ በአባቷ በኩል ሰባቱም አልቀዋል። በእናቷ በኩል ግን ገና አምስተኛው ቤት ላይ ናቸው።