«የሰዓት ቀጠና» እና «የሰዓት አቆጣጠር»

በገፈርሳ በአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ያየነው ኮምፒዩተር ያለበትን የሰዓት ቀጠና ቢጠየቅ «ቡዌኖስ አይረስ» ብሎ ይመልሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለቤቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መሣሪያው 3፡00 እንዲያሳየው ፈለገ። ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች፤ አርጀንቲና በ3 ሰዓት ትዘገያለች። የ6 ሰዓቱ ልዩነት ከንጋት ከምንጀምረው ቆጠራ ጋር ልክ ይገጥማል። ቀኑም የሚለወጠው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስለሆነ ባለቤቱን ቅር አላለውም። ቀጠናን ለይቶ የሚያውቀው ሶፍትዌር ግን ሰውየውን የአርጀንቲና ነዋሪ አድርጎ ይወስደዋል። ቀጠናውን ሳይነኩ ቁጥሩን ብቻ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሱም አሉ፤ የእነዚህ ይብሳል፤ የሚልኩት ደብዳቤ ከመጻፉ ከ6 ሰዓት በፊት እንደ ተጻፈ ይቆጠራልና።

ሳንካው ከተጠቃሚው ነው ከማለታችን በፊት ስያሜውን እንመርምር። «የሰዓት ክልል»፣ «የሰዓት ሰቅ»፣ «የሰዓት ቀጠና» እየተባለ የሚተረጐመው ጽንሰ ሐሳብ የት እንዳለን የሚናገር ነው። ቆጠራው ከንጋት ወይስ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም «የሰዓት አቆጣጠር» ሊባል ይገባዋል። መሣሪያው ለመጀመሪያው ብቻ ቦታ አዘጋጅቶ ሁለተኛውን ስለ ዘነጋ፣ የገፈርሳው ሰው የአቆጣጠሩን ጥያቄ በቀጠናው በር አስገባው።

ትርጕሙም ራሱ ነገሩን አባብሶታል። የቀኑን ሁለት አጋማሾች «ጥዋት» እና «ከሰዓት» ብለን ስንሰይም ቁጥሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ትተናቸዋል። ስለዚህ «9፡00 ከሰዓት» የሚለውን ያነበበ አማርኛ ተናጋሪ የሚረዳው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ መሣሪያው የሚለው ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። በእኛ አስተያየት፣ አቆጣጠሩ ካልተለወጠ ስያሜው «ከእኩለ ቀን በፊት» እና «ከእኩለ ቀን በኋላ» ቢሆን፣ ቢረዝምም፣ አንባቢን አያሳስትም።

አዲስ አበባን በትክክል የመረጠም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ «ናይሮቢ» የሚል መልስ ያገኛል። ዓለም አቀፉ የቀጠናዎች መዝገብ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ስም የሁለተኛው ተለዋጭ አድርጎታልና። ለዛሬው ሰዓት ልዩነት የለውም። ለቀድሞው ግን አለው፤ መዝገቡ አዲስ አበባን እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለትም ጣሊያን ከተማዋን እስከያዘበት ዕለት ድረስ፣ በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ ከዚያ ወዲህ በ3 ሰዓት ልዩነት ይዟት ነበር። በናይሮቢ ስም ሲሰላ የ1940 እ.ኤ.አ. ሰዓት በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይወጣል። የዚያን ዘመን ቴሌግራሞችና የጦር መዝገቦች የሚተረጕሙ ባልደረቦቻችን 15 ደቂቃዋን ልብ ይበሏት።