የአዲስ አበባ መሪ ፕላኖችና የከተማዋ ዳርቻ

አንድ ከተማ በሚመጣው ሃያና ሠላሳ ዓመት ውስጥ ወዴት እንደሚሰፋ አስቀድሞ አስቦ መንገዱን፣ ውሃውን፣ የመኖሪያና የሥራ ስፍራውን በካርታ ላይ የሚያመለክት ሰነድ መሪ ፕላን ይባላል። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ሰነድ ያጣች ከተማ አይደለችም፤ ከ1936 ወዲህ ብዙ ፕላኖች ተሠርተውላታል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የምንሻው ከፕላን ወደ ፕላን እየተሻገረ የኖረውን አንድ ጉድለት ነው፤ ይኸውም ፕላን አውጪዎቹ የከተማዋን ዳርቻ ሰው እንደሌለበት ባዶ ስፍራ መቁጠራቸው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከፕላኖቹ የሚበዙት በውጭ አገር ሰዎች እጅ ስለ ተሠሩ ዘመናቸው የሚጠራው በዚያው ነውና።)

ከተማዋ በ1886 ስትቆረቆር ፕላን አልነበራትም። እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወደ ሜዳው ወረዱ፤ መኳንንቱም በተሰጣቸው ቦታ ላይ ከነሠራዊታቸውና ከነቤተ ሰዎቻቸው ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር፣ ሠራተኛ ሠፈር የሚሉት ስሞች የቀሩልን ከዚያ ነው። በአንዱ ሠፈርና በሌላው መካከል ወንዝ፣ ገደልና ግጦሽ ነበረ። ይህ አሰፋፈር መንገድ ለሚያወጣና ቧንቧ ለሚዘረጋ መሐንዲስ እጅግ የማይመች ነው፤ ነገር ግን ጌታውና አሽከሩ፣ ባለጸጋውና ድኻው በአንድ ሠፈር ጎን ለጎን እንዲኖሩ አደረገ። በ1900 ገደማ የማገዶ እንጨት አልቆ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ያዳናት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የረጅም ዘመን ፕላን የባሕር ዛፍ ችግኝ ነበር ብንል ብዙ አላጋነንንም።

በወረቀት ላይ የተሳለው ፕላን የመጣው ከጠላት ወረራ ጋር ነው። በ1936 ሌ ኮርቡዚየ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት ከተማዋን ሳይረግጥ ንድፍ ሠርቶ ለሙሶሊኒ ላከ፤ ኮረብታውንና ወንዙን ችላ ብሎ ቀጥ ያሉ መንገዶች ሰነጠቀባት። ይህ ንድፍ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ከርሱ በኋላ ጊዲና ቫሌ የተባሉ ኢጣልያውያን የሠሩት ፕላን ግን በከፊል በሥራ ላይ ውሏል። መሠረተ ሐሳቡ አውሮፓዊውንና አገሬውን በዘር ለይቶ ማስፈር ነበር። ገበያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በአራዳ ይውል ነበርና እርሱን ነቅለው ወደ ምዕራብ፣ ለአገሬው ወደ ተመደበው ወገን ወሰዱት። የዛሬው መርካቶ ይህ ነው። ጠላት በአምስት ዓመቱ ወጣ፤ ገበያው ግን በሄደበት ቀረ፤ የከተማዋም ንግድ እስከ ዛሬ ወደዚያው ያዘነብላል። ከዚህ እንደምናየው ክፉ ፕላን እንኳ ቢሆን አንድ ጊዜ መሬት ከረገጠ በኋላ ባለቤቱ ቢሄድም አይነቀልም።

ከነጻነት በኋላ የተጠሩት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነበሩ። እኒህ ሰው በጦርነቱ ዘመን የለንደንን ፕላን ያወጡ ናቸው፤ በ1956 ለአዲስ አበባ የሠሩትም ከለንደኑ ጋር የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። ከተማዋን የሚከቡ የቀለበት መንገዶች፣ ከመካከል ወደ ዳር የሚወጡ መንገዶች፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ያላቸው ሠፈሮች፣ ከከተማዋ ወጣ ብለው ትርፉን ሕዝብ የሚቀበሉ አጃቢ ከተሞች ነበሩበት። ታዲያ አንዱ እጅ የሣላቸው ሁለት ፕላኖች ስለ ምን የተለያየ ፍሬ አፈሩ? ለንደን የሚበቃ ገንዘብና የሠለጠነ ሰው እንደ ነበራት አንክድም። ዋናው ልዩነት ግን የመሬት ሕግ ይመስለናል። በእንግሊዝ አገር በ1946 የአዲስ ከተሞች ሕግ፣ በ1947 ደግሞ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ወጣ፤ ባለመሬት የሆነ ሁሉ ሳይፈቀድለት እንዳይሠራ፣ መንግሥትም ለአዲስ ከተማ የሚሆን መሬት ገዝቶ እንዲይዝ ተደረገ። በአዲስ አበባ ግን የከተማው መሬት አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች፣ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክህነት እጅ ነበረ። ማዘጋጃ ቤቱ በካርታው ላይ የቀለበት መንገድ ሲስል በሌላ ሰው ርስት ላይ መሣሉ ነበር። መንገዱ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲሠራ የአበርክሮምቢ ሐሳብ ከተጻፈ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ መንገዱ የሚያልፍባቸው እርሻዎች ብዙዎቹ ቤት ሆነዋል።

በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማርየን ያወጣው ፕላን ትኩረቱን በመካከለኛው ከተማ ላይ አደረገ። እኛም ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ተነሥተን በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እስከ ለገሐር በእግር ወረድን፤ ዓይን የሚያርፍበት መልካም ጎዳና መሆኑን አንክድም። ከጎዳናው ጀርባ ለነበሩት የጭቃና የቆርቆሮ ሠፈሮች ግን ያመጣላቸው ነገር ጥቂት ነው።

ፕላን አውጪ ስለ ዳርቻው ዓይኑን ቢጨፍን ምን እንደሚመጣ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል። አንድ ከተማ በዓመት በመቶ 4 ቢያድግ በ18 ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ በ36 ዓመት አራት እጥፍ። አዲስ አበባ በ1961 ወደ 440 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ነበራት፤ በ1984 ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን፣ በ2007 ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሆነ፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ5 ሚሊዮን በላይ ይገምታል። እንግዲህ ዛሬ ከከተማው ውጭ ነው የምንለው ስፍራ፣ የዛሬ ተማሪ አያት ሳይሆን መካከለኛ ከተማ ይሆናል ማለት ነው።

ለዚህ ከቆሼ የበለጠ ምስክር አላገኘንም። በ1960ዎቹ ዓመታት ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ በረጲ የቆሻሻ መጣያ ሲመረጥ ስፍራው ከከተማ የራቀ ሜዳ ነበር። ለጊዜው መልካም ምርጫ ነው። ነገር ግን መጣያው መቼ እንደሚሞላ፣ ሲሞላም ወዴት እንደሚዛወር ተወስኖ አልተጠበቀም። ከተማዋ እየሰፋች መጥታ ከበበችው። ወደ 36 ሄክታር በሚሆነው ቦታ ላይ የሃምሳ ዓመት ጥራጊ ተራራ ሆነ፤ በሥሩም ሰዎች ቤት ሠርተው፣ ከቆሻሻው ውስጥ የሚሸጥ ነገር እየለቀሙ ይኖሩ ጀመር። በ2016 መጀመሪያ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ፤ ይህም በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ፣ በዘመናዊ ዘዴ የተሠራ ነበር። በአካባቢው ያሉ ገበሬዎች ግን ሽታውንና የውሃቸውን መበከል ተቃወሙ፤ ጥቂት ወራት ሠርቶ ተዘጋ። የቆሻሻው መኪና ተመልሶ ወደ ቆሼ ዞረ። በመጋቢት 2017 ተራራው ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

የሰንዳፋን ገበሬ ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንቀበለውም። ማስወገጃው ሲታቀድ በመሐንዲሱ ካርታ ላይ ያ ስፍራ ለከተማዋ የሚያገለግል ባዶ መሬት ነበር፤ ለገበሬው ግን ከብቱን የሚያጠጣበት ቀዬው ነው። ከተማዋ ጥራጊዋን እንጂ ቧንቧዋን፣ ትምህርት ቤቷን ወይም የሥራ ዕድሏን ይዛ አልሄደችለትም። ውሃውን እንመልከት፦ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከገፈርሳ፣ በ1970 ከተሠራው ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ነው፤ ሁሉም ከከተማዋ ወሰን ውጭ ናቸው። ውሃ ከዚያ ይመጣል፣ ጥራጊ ወደዚያ ይሄዳል። በዚህ ልውውጥ ውስጥ የገጠሩ ሰው ድርሻ ምን እንደ ሆነ በመሪ ፕላን ውስጥ መጻፍ ነበረበት።

የመሬቱ ባለቤትነት በ1975 ተለውጧል። በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራዩትን ቤቶች ቀበሌዎች ያዙ። ኪራዩ ድኻውን ታደገው፤ ቤቱን ግን ለማደስ አልበቃምና ከዘመን ዘመን እየተጎሳቆለ ሄደ። ለፕላን አውጪ ግን ይህ አዋጅ አበርክሮምቢ ያጣውን ነገር ሰጠ፤ መሬቱ አሁን በመንግሥት እጅ ነው። ታዲያ ለምን ችግሩ አልቀረም? መልሱ በካሣው ውስጥ ይገኛል። መሬት የመንግሥት ስለ ሆነ የሚነሣው ገበሬ የሚከፈለው የመሬቱን ዋጋ አይደለም፤ በ2005 በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ለሰብሉ፣ ለዛፉና ለቤቱ ግምት፣ በዚያም ላይ የዓመት ገቢውን አሥር እጥፍ ያገኝ ነበር። ያው መሬት ወደ ከተማ ከገባ በኋላ በሊዝ ጨረታ አንዱ ካሬ ሜትር በብዙ ሺህ ብር ይሸጣል። ገበሬው ይህን በዓይኑ ያያል፤ አጥሩን ተደግፎ ይቆጥረዋል። በ2019 የወጣው አዲስ አዋጅ ካሣውን ከፍ አድርጎታል፤ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ርቀት ግን ገና ሰፊ ነው።

በ2014 አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያለውን የኦሮሚያ ልዩ ዞን አጣምሮ የሚይዝ መሪ ፕላን ይፋ ሲሆን የተነሣው ቍጣ መነሻው ይኸው ነው። በሐሳቡ ረገድ ፕላኑ አስቀድመን የነቀፍነውን ጉድለት ለማረም የሚሞክር ነበር፤ ውሃውም መንገዱም ከወሰን ውጭ ስለ ሆነ አብሮ ማቀድ ተገቢ ነውና። ነገር ግን በ1995 በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም እንዲጠበቅ፣ ዝርዝሩም በሕግ እንዲወሰን አዝዞ ሳለ ያ ሕግ ሳይወጣ ፕላኑ ቀደመ። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ እንደኛው ያሉ ተማሪዎች ተቃወሙ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ተቃውሞው በ2015 መጨረሻ ከጊንጪ ተነሥቶ እንደገና ተስፋፋ፤ በጥር 2016 ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ።

ከዚያ በኋላ ከ2017 እስከ 2027 የሚያገለግል ፕላን የከተማዋን ወሰን ብቻ ይዞ ወጣ። ከስፋቷ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ ስፍራ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ እንዲሆን ይላል። ቁጥሩ ያማረ ነው። በ2015 የተከፈተውን 34 ኪሎ ሜትር የቀላል ባቡር መሥመርና በየዳርቻው የተሠሩትን የጋራ መኖሪያ ቤቶች አያይዞ ለመመርመር ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ ለጊዜው ግን ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ ተነሥቶ በጧት ወደ ሥራ የሚመጣ ሰው በታክሲ ሰልፍ የሚያጠፋውን ጊዜ የሚያውቅ ሁሉ ቤት ከሥራ ርቆ ሲሠራ ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል።

የ2017ቱ ፕላን ዘመን ሊያልቅ ተቃርቧል። በዚህ መካከል በ2022 በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩት ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ በሚል ስም በኦሮሚያ ሥር አንድ አስተዳደር ሆነዋል፤ ስለዚህ የቀጣዩ ፕላን አውጪ ከወሰኑ ማዶ የሚያገኘው የራሱ ምክር ቤትና የራሱ ፕላን ያለውን ከተማ ነው። ግድቦቹ በዚያ ወገን ናቸው። በቆሼ አጠገብ በ2018 ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል፤ ከዚያ የሚተርፈው ጥራጊ ወዴት እንደሚሄድ ግን ሁለቱ አስተዳደሮች አንድ ላይ ተቀምጠው የሚወስኑት ጉዳይ ነው።