የአንድ ቦታ ሁለት ቁጥሮች፤ ዳተምና ግሪድ በቅየሳ ሥራ

ሁለት ቀያሾች ለአንድ የትምህርት ቤት የወሰን ድንጋይ የሚሰጡት የቦታ ቁጥር የማይገጥምበት ጊዜ አለ። ይህም የግድ ከሁለቱ አንዱ መሳሳቱን አያመለክትም። ልዩነቱ ከልኬቱ መነሻ፣ ማለትም ከዳተም፣ ወይም ከካርታው ግሪድ ሊመነጭ ይችላል።

ሀ. ዳተም

መሬት ፍጹም ክብ ባለመሆኗ ቀያሾች ለስሌት የሚያመች፣ በዋልታዎቹ በኩል በጥቂቱ የተጨፈለቀ ቅርጽ ይመርጣሉ። ይህ ቅርጽ ከመሬት ጋር የሚያያዝበት ሥርዓት ዳተም ይባላል። ብዙዎቹ የቀድሞ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው። ስሙ የተወሰደው በግብፅና በሱዳን ወሰን አካባቢ ከነበረ የቅየሳ ጣቢያ ሲሆን፣ ቅርጹ ክላርክ በ1880 እ.ኤ.አ. ያሰላው ነው። የጂፒኤስ መሣሪያዎች ግን በ1984 እ.ኤ.አ. የተሰየመውን የዓለም ዳተም ይከተላሉ።

በአዲስ አበባ አካባቢ ከአዲንዳን ወደ ዓለሙ ዳተም ሲዛወር፣ የምሥራቅ ቁጥር በ90 ሜትር ገደማ፣ የሰሜን ቁጥር ደግሞ ከ200 ሜትር በጥቂቱ በሚበልጥ መጠን ይጨምራል። ድንጋዩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ልዩነቱ በ1፡50,000 ካርታ ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በመሬት ላይ ግን የትምህርት ቤቱን አጥር ከጎረቤት ማሳ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል።

ለ. ግሪድ

ክብ ገጽ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ያለ መዛባት አይዘረጋም። መዛባቱን ለመቀነስ ዩቲኤም የተባለው ግሪድ ዓለምን በ6 ዲግሪ ኬንትሮስ ስፋት ዞኖች ይከፍላል። የእያንዳንዱ ዞን መካከለኛ መስመር የምሥራቅ ቁጥር 500,000 ሜትር ነው። በዚህ መስመር ላይ 1,000 ሜትር የሆነ ርቀት በግሪዱ 999.6 ሜትር ሆኖ ይሰላል።

ኢትዮጵያ በዞን 36፣ 37 እና 38 ውስጥ ትገኛለች። ድሬዳዋ ከ42ኛው ዲግሪ በስተምዕራብ ስለሆነች በዞን 37፣ ሐረር ከመስመሩ በስተምሥራቅ ስለሆነች በዞን 38 ትወድቃለች። የከተሞቹ የአየር ርቀት ከ50 ኪሎ ሜትር ያነሰ ሲሆን፣ ዞኑን ሳያገናዝብ የምሥራቅ ቁጥራቸውን የሚያቀናንስ ተማሪ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ልዩነት ያገኛል።

ሐ. ለመምህራንና ለዕቅድ ባለሙያዎች

ቁጥር ብቻውን ቦታን አይገልጽም። ስለዚህ በማናቸውም ሰነድ ላይ ከቁጥሩ ጎን ዳተሙና ዞኑ መጻፍ አለባቸው። ከድሮ ካርታ የተነበበ ቁጥር ከጂፒኤስ ንባብ ጋር ከመነጻጸሩ በፊት ወደ አንድ ዳተም መዛወር ይኖርበታል። መምህሩም የድሬዳዋንና የሐረርን ምሳሌ ለተማሪዎቹ ቢያቀርብ፣ የካርታ ኅዳግ ጽሑፍ ለምን አስቀድሞ እንደሚነበብ በቀላሉ ይረዱለታል።